ቃና፦ ከደሴ የተጻፈ የሁለት ሰዎች የቅምሻ ማስታወሻ

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በጥር፣ በጥምቀት ማግስት፣ በቃና ዘገሊላ ሰሞን ነው። ጥር 12 ቀን ቤተ ክርስቲያናችን ጌታ በገሊላ ቃና በሠርግ ቤት ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበትን ተአምር ታከብራለች፤ በአማርኛችን ደግሞ ቃና የምንለው ምግብም ሆነ መጠጥ በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚተወውን ለዛ ነው። የአገሩና የጣዕሙ ስም አንድ ሆኖ መገኘቱ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አብረን እየቀመስን የጻፍንበትን ደብተር ብዙ ሳንመካከር «ቃና» ብለን የሰየምነው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ከዚያ ደብተር ጥቂቱን ማካፈል ፈለግሁ፤ ወይን ጠጅን ከደሴ ማዕድ ጋር አስማምቶ መቅመስ ምን እንደሚመስል በአማርኛ ተጽፎ አግኝቼ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት በከንቱ ሙከራ ባላሳለፍናቸው ነበር።

እኔ የላስታ ልጅ ነኝ። አባቴ ንብ አርቢ ነበሩ፤ በላሊበላና በዙሪያዋ ደግሞ የንብ ነገር እንደ ተራ ሥራ አይታይም፤ ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት፣ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁለት ብላ ስሙን እንዳወጣችለት ሲነገረን አድገናል። ክረምቱ ወጥቶ ጋራው በአበባ ከተሸፈነ በኋላ አባቴ ማሩን በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ሲቆርጡ፣ ከየቀፎው ጥቂት ጥቂት ከነሰፈፉ እያነሡ እኛን ልጆቻቸውን በተራ ያቀምሱንና «ይኸኛውስ ከየትኛው አበባ የመጣ ይመስላችኋል?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። መልሱን ያወቀ የሚጨመርለት ነገር አልነበረም፤ ጥያቄው ግን አፍን ዘግቶ፣ ዐይንን ጨፍኖ፣ የቀመሱትን ነገር በትዕግሥት መከተልን አስተማረኝ። ባለቤቴ ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ልጅ ነው። ያደገው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ካለበት ውኃ ዳር ስለሆነ ዓሣ መጥበስን የሚያህል የሚወደው ሥራ የለም። በልጅነቱ በድቁና አገልግሎ ነበርና ወይን የሚለውን ቃል አስቀድሞ ያወቀው ለቅዳሴ ከሚዘጋጀው ዘቢብ ነው፤ ስለዚያ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ከማዕዳችን ጨዋታ ጋርም አይቀላቅለውም፤ እኔም አልጠይቀውም።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ የሚጀምረው በተጋባን በዓመቱ አዲስ አበባ ሄደን እራት ከበላንበት ምሽት ነው። አስተናጋጁ ከዝዋይ ወይን የተሠራ ሜርሎ የተባለ ቀይ ወይን ጠጅ ከፍቶ ከባለቤቴ ብርጭቆ ሥር ጥቂት ቀዳና ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለቤቴ ብርጭቆውን ወደ እኔ አሳልፎ «የአባትሽን ማር እንደምታሸቺው አሽቺልኝ» አለኝ። አሸተትሁት። ከአእምሮዬ ፊት ድቅን ያለው ልጅ ሳለን ከእሾሁ ጋር እየታገልን የምንለቅመው፣ ጣትን ሐምራዊ አድርጎ የሚያቀልም የበሰለ አጋም ነበር። «አጋም ነው» አልሁ። እርሱም ተቀብሎ አንድ ጊዜ ከተጎነጨ በኋላ ምላሱን ከላንቃው ጋር እያጣበቀ ዝም አለና «ለአንቺ አጋም ከሆነ ለእኔ ዶቅማ ነው» አለ። ሁለታችንም ልክ እንደ ነበርን የተረዳሁት ቆይቶ ነው። እኔ የተናገርሁት ስለ ሽታው ነበር፤ እርሱ ደግሞ ስለ ታኒኑ፣ ማለትም በወንዝ ዳር የሚበቅለው ዶቅማ ምላስን ሰብስቦ እንደሚያደርቀው ሁሉ ቀይ ወይን በአፍ ውስጥ ስለሚተወው ጭብጥ ያለ መድረቅ ነበር የተናገረው። ያ ምሽት ባያጋጥመንና እያንዳንዳችን ብቻችንን ብንቀምስ ኖሮ አንዳችን ሽታውን፣ አንዳችን መድረቁን ይዘን እንቀር ነበር። ቅምሻን ሁለት ሰው ሆኖ የመያዝን ጥቅም ከዚያ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ስለ ወይኑ ራሱ ጥቂት ልበል። ለእኛ ዕድሜ ሰው የአገር ውስጥ ወይን ጠጅ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርት ነው፦ በሠርግና በልደት የሚቀርበው ጣፋጩ አክሱሚትና ስሙ የምዕራብ ሸዋዋን ጉደርን የሚያስታውሰው ቀዩ ጉደር። በኋላ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አሸዋማ መሬት ላይ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉትን የወይን ዝርያዎች ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በእ.ኤ.አ. 2014 ለገበያ አወጣ። ሪፍት ቫሊና አካሽያ የሚሉት ስሞች የዚያ እርሻ ናቸው። ይህ ለእኛ ለቀማሾቹ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ከአንድ አፈር የበቀሉ የተለያዩ ዝርያዎችን በየስማቸው ለይቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥና ማነጻጸር ተቻለ። ሁለት ዓይነት ጠርሙስ በአንድ ምሽት ከፍቶ ማነጻጸር ለሁለት ሰው ይበዛልና፣ አንዱን ዛሬ ሌላውን ነገ እንከፍታለን፤ የተረፈውን በደንብ ደፍነን በቀዝቃዛ ቦታ ብናስቀምጠው ሦስት ቀን ያህል መልኩን ሳይለቅ ይቆያል። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንዱ ጠርሙስ በዚህ መንገድ ለሁለትና ለሦስት ማዕድ ይበቃናል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከውጭ መጻሕፍት የምናነብበው የጣዕም ዝርዝር ሁሉ አስቸግሮን ነበር። በአውሮፓ ጓሮ የሚበቅሉ፣ እኛ በስም እንጂ በአፍ የማናውቃቸው ፍሬዎች እየተጠሩ «ይህን ይመስላል» ሲባል፣ ያልቀመስነውን ባልቀመስነው ልንለካ መሞከራችን ነበር። ያን ትተን ከወሎ ገበያና ከወሎ ጓዳ ቃል መልቀም ከጀመርን በኋላ ግን ደብተሩ በፍጥነት ሞላ። ለቀዩ አጋም፣ እንጆሪና ዶቅማ፤ ለነጩ ያልበሰለ ኮክ፣ የሎሚ ልጣጭና አዲስ የታጨደ ሣር፤ ለሲራው ቁንዶ በርበሬና ወይራ የታጠነ ጋን እያልን ጻፍን። ኮምጣጣ፣ ጎምዛዛና መራራ የሚሉትን ቃላት ብዙ ሰው እያቀያየረ ይጠቀምባቸዋል፤ እኛ ግን በደብተራችን ላይ ለየብቻ አስቀመጥናቸው፦ ኮምጣጣው ምራቅ ያመጣል፣ ጎምዛዛው ምራቅን ያደርቃል፣ መራራው ደግሞ ከዋጡት በኋላ ከምላስ ሥር ይቀራል። እነዚህን ሦስቱን መለየት የቻለ ሰው የወይን ቅምሻን ግማሽ መንገድ ሄዷል ብዬ አምናለሁ፤ ቋንቋችንም ለዚህ ሥራ የሚያንስ አይደለም።

አቀማመሳችን ቀላል ነው። ባለ እግር ብርጭቆ ውስጥ ሲሶውን ያህል ብቻ እንቀዳለን፤ ከነጭ ጨርቅ ፊት ይዘን ቀለሙን እናያለን፤ ብርጭቆውን ቀስ አድርገን አዙረን እናሸትታለን፤ ከዚያ ጥቂት ተጎንጭተን በአፋችን ውስጥ እናመላልሰዋለን። ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው የአፍንጫ ሥራ መሆኑን ጉንፋን የያዘው ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም ይህን እያወቅን አንድ ዓመት ሙሉ ያልተገለጠልን ነገር ነበር። ቅዳሜ ማታ በቤታችን የምንከፍተው ወይን ሁልጊዜ ሽታ የለሽ ሲሆንብን፣ ያው ወይን በሐይቅ በባለቤቴ እናት ቤት ደጃፍ ላይ ሲከፈት መዐዛው ያውድ ነበር። ውኃውን፣ ብርጭቆውን፣ የታጠበበትን ሳሙና ሳይቀር ተጠራጠርን። ምክንያቱ ዕጣኑ ነበር። በወሎ ቤት ቡና ያለ ዕጣን አይታሰብም፤ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ከሰሉ ተያይዞ፣ ዕጣኑ ቤቱን ከሞላው በኋላ በዚያው ክፍል ውስጥ ወይን ማሽተት በጉም ውስጥ ቆሞ የጦሳን ተራራ ለማየት እንደ መሞከር ነው። ከዚያ ወዲህ ቅምሻው በፊት፣ ቡናው ከማዕድ በኋላ ሆነ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካው የምሽቱ መዝጊያ ነው።

ከሽታው ቀጥሎ ያስቸገረን የሙቀት ነገር ነው። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚለው አባባል እንደ ዛሬው ማሞቂያ ባልነበረበት የቆየ የአውሮፓ ቤት ልክ የተነገረ ሲሆን፣ 16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ደሴ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት፤ በሰሜን በኩል ያለው የሲሚንቶ ወለል ክፍላችን ያለ ማቀዝቀዣ ቀዩን ወይን እንደሚገባው ይጠብቅልናል፤ በኅዳርና በታኅሣሥማ ብርጭቆውን በመዳፍ ይዞ ማሞቅ ያስፈልጋል። ነጩን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ለማድረስም በእነዚሁ ወራት ማታ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ይበቃዋል። ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ግን አየሩ ሌላ ነው። እዚያ ከአንድ ሱቅ፣ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው መስኮት ላይ የተነሣ ጠርሙስ ገዝተን ለባለቤቴ የልደት ቀን ከፈትነው። አጋሙም ዶቅማውም ጠፍቶ የቀረው የተቀቀለ ፍሬ ሽታና በጉሮሮ የሚከረክር ኮምጣጣነት ብቻ ነበር። ያን ቀን በጣም አዝኜ ነበር፤ ለሁለት ወር ገንዘብ አጠራቅሜበታለሁና። ፀሐይና ሙቀት ወይንን በጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ያበስሉታል፤ ስለዚህ ዛሬ ወይን ስንገዛ አስቀድመን የምናየው ዋጋውን ወይም ስሙን ሳይሆን መደርደሪያው የተቀመጠበትን ቦታ ነው፤ ጥላ ውስጥ ያለውን፣ ቡሽ ከሆነ ደግሞ ቡሹ እንዳይደርቅ ተጋድሞ የተቀመጠውን እንመርጣለን።

አሁን ወደ ማዕዱ ልምጣ፤ ልባችን ያለው እዚያ ነውና።

የመጀመሪያው ትልቅ ስሕተታችን ዶሮ ወጥ ነበር። ለፋሲካ ከሌሊት ጀምሬ ሽንኩርቱን አብስዬ፣ በርበሬውን አቁላልቼ፣ በኮረሪማና በመከለሻ የጨረስሁትን ወጥ፣ ካለን ወይን ሁሉ ውዱ ከነበረው ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው፣ ካበርኔ ሶቪኞን ጋር አቀረብሁት። ውድ ነገር ከውድ ነገር ጋር ይስማማል ብዬ አስቤ ነበር። ወጡ ወይኑን አሻከረው፣ ወይኑም ወጡን አቃጠለው፤ ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ጎርሶ፣ ሁለት ጊዜ ተጎንጭቶ፣ ብርጭቆውን በቀስታ ወደ ጎን አደረገው። የበርበሬው ማቃጠል የአልኮሉን ግለት ያጎላዋል፤ ታኒኑንም ከዶቅማነት ወደ ሸካራ ገለባነት ይለውጠዋል። በማግስቱ ከተረፈው ወጥ ጋር አክሱሚትን ቀዝቀዝ አድርገን ስንሞክር ግን ጣፋጭነቱ የበርበሬውን እሳት አለዘበው፣ በርበሬውም የወይኑን ማር ማር ማለት አስታገሠው፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተራረሙ። እናቶቻችን በሠርግ ድንኳን ዶሮ ወጥና አክሱሚት አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጡ ኖረዋል፤ ደረቅ ወይን የዐዋቂ ነው፣ ጣፋጩ የጀማሪ ነው እያሉ የሚያጣጥሉ ሰዎችን ስሰማ ያን የፋሲካ ማግስት አስታውሳለሁ፤ በእውነት አልስማማም። ወይን የሚመዘነው ከቀረበለት ምግብ ጋር ነው።

ያን ካበርኔ ያዳነው የጎድን ጥብስ ነው። ጮማ ያለበት፣ በሮዝመሪና በቃሪያ ጠብሰን በርበሬ ያላበዛንበት የበግ ጎድን ከደረቅ ቀይ ወይን ጋር ሲቀርብ፣ ቅባቱና ሥጋው ታኒኑን ከምላስ ላይ ወደ ራሳቸው ይስቡታል፤ ወይኑ ለስልሶ ፍሬው ብቅ ይላል። ለብ ለብ ያለ ክትፎም ሚጥሚጣው ከተቀነሰለት እንዲሁ ነው። ቋንጣ ፍርፍር ግን ሁለታችንን እስከ ዛሬ አላስማማንም፤ እርሱ ከጉደር ጋር ይወደዋል፣ እኔ ደግሞ ጨዉና ድልሁ ወይኑን ስለሚጫነው ከምንም ጋር አልፈልገውም፤ በደብተሩ ላይ የእርሱ አስተያየት በሰማያዊ፣ የእኔ በጥቁር ቀለም ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ።

እንጀራን ሳያስቡ ወይንን ከማዕዳችን ጋር ማስማማት አይቻልም። እንጀራ ራሱ ኮምጠጥ ያለ ስለሆነ በአፍ ውስጥ የወይኑን ኮምጣጣነት ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ብቻውን ሲቀመስ ለዘብ ያለ የመሰለን ወይን ከእንጀራ ጋር ውኃ ውኃ ይለናል፤ ብቻውን ሲቀመስ ጥርስን ያጠረሰ ነጭ ወይን ደግሞ ከእንጀራ ጋር ይስተካከላል። በደንብ የኮመጠጠ የሦስት ቀን እርሾ ያለው የጤፍ እንጀራና ከቆላው የሚመጣው የማሽላ እንጀራም አንድ አይደሉም፤ የማሽላው ጣፈጥ ስለሚል ጠንካራ ወይን አይከብደውም። ሽሮና ምስር ወጥ በምንበላበት ቀን ሮዜ የሚባለው ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ወይን ይስማማል። የቀይ ወይን ቀለምና ታኒን የሚመጡት ከፍሬው ልጣጭ ነው፤ ነጩ ልጣጩ ተለይቶ ጭማቂው ብቻ ሲብላላ፣ ሮዜው ከልጣጩ ጋር ጥቂት ሰዓት ብቻ ቆይቶ ይለያል፤ ስለዚህም ከሽሮው በርበሬ ጋር የሚጋጭ ብዙ ታኒን የለውም። ዐዚፋን ከነጭ ወይን ጋር ሞክረን ሰናፍጩ አፍንጫችንን ስለ ዘጋው አልደገምነውም። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረቡዕና በዓርብ ጠርሙስ ስለማንከፍት የጾም ምግብ የምንቀምሰው በፍስክ ቀን ነው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የሐይቅ ዓሣ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ቆሮሶው ከውኃ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ባለቤቴ በእናቱ ደጅ ላይ ጎኑን በቢላ ሸንትሮ፣ ጨውና ሎሚ አሽቶ፣ ዘይቱ በደንብ ሲግል ከትቶ አወጣው። አዋዜውን ለብቻው በትንሽ ሳህን አደረግነው። ከጉድጓድ ውኃ ባልዲ ውስጥ ስናቀዘቅዘው ያደርነውን ሻርዶኔ ከፍተን ዓሣውን ያለ አዋዜ፣ በሎሚ ብቻ በላን። ያ ወይን በደሴ ቤታችን ሦስት ጊዜ ተቀምሶ «ደኅና ነው» ከሚል በቀር የተጻፈለት ነገር አልነበረም። በዚያ ጠዋት ግን የዓሣው ቆዳ ቁርምስምስ ማለት፣ የሎሚው ስለት፣ የወይኑ ኮክ ኮክ ማለት እየተቀባበሉ ሄዱ፤ ባለቤቴ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ውኃው እየተመለከተ ብዙ ቆየና «ይህን ያህል ጊዜ እዚህ ዓሣ ስበላ የጎደለው ነገር እንዳለ አላወቅሁም ነበር» አለኝ። በደብተሩ ላይ ያ ገጽ የዘይት ጠብታ አለበት፤ ንጹሕ ገጽ ላይ ልገለብጠው አስቤ ትቼዋለሁ።

ያን ቀን ሁለታችንን ያስተማሩን ግን የባለቤቴ እናት ናቸው። የሻርዶኔውን ብርጭቆ ተቀብለው ሳይጠጡ ለረጅም ጊዜ አሸተቱትና «ልጄ፣ ይኸ የተብላላበት ዕቃ በእሳት የተነካ ነው» አሉኝ። ወይን ጠጅ ሰሪዎች ከኦክ እንጨት የሚሠሩትን በርሜል ውስጡን በእሳት እንደሚያገሉት፣ ወይኑም የቫኒላና የጭስ ለዛ ከዚያ እንደሚወስድ አንብቤ ነበር፤ እርሳቸው ግን ምንም ሳያነቡ ደረሱበት። ጋናቸውን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው፣ ጥንስሱን ጥለው፣ ጆሯቸውን ወደ ጋኑ አፍ አስጠግተው መፍላቱን በድምፅ እያዳመጡ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሴት ናቸው። የጠላ ጠማቂ አፍንጫ ከየትኛውም የወይን ቀማሽ አፍንጫ እንደማያንስ የተረዳሁት ያኔ ነው፤ እንደዚያ ያለውን ዕውቀት ሙያ ብለን ማክበር አለብን የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

በእርሳቸው ምክንያት ጠጅንም በዚሁ ደብተር ውስጥ ማስገባት ጀመርን። አባቴ ከላስታ በላኩልን ነጭ ማር፣ አንዱን እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ በጥብጠው፣ ጌሾውን ጨምረው የጣሉልንን ጠጅ ከብርሌው ወደ ወይን ብርጭቆ ገልብጠን ቀመስነው። ብርሌ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ መዐዛውን ሰብስቦ ይይዛል፣ ለማሽተት ግን አፍንጫ አያስጠጋም፤ በሰፊው ብርጭቆ ውስጥ አባቴ የሚጠይቁን አበባ ከነስሙ ተመለሰልኝ። ጠጅንና ወይንን አጎራብቶ መቅመስ አንድ ነገር ገልጦልናል። ወይን መራራነቱንና ጭብጡን ከልጣጩና ከዘሩ ያገኛል፤ ማር ግን ልጣጭ የለውም። የማሩን ጣፋጭነት ደግፎ የሚያቆመው፣ ጠጅን ከተበጠበጠ ማር የሚለየው ጌሾው ነው። ጌሾ ያነሰው ጠጅ ልፍስፍስ ሲል፣ ጌሾ የበዛው ምላስ ሲያሥር የምናየው ታኒን ያነሰውንና የበዛውን ቀይ ወይን ነው። ይህን ካወቅን በኋላ ጠጅን ከትኩስ አይብና ከድፎ ዳቦ ጋር ማቅረብ ለመድን፤ በደሴ ንጉሥ ሚካኤል ለግብር ያሠሩትንና ማንንም አይጠየፍም በሚል «አይጠየፍ» የተባለውን አዳራሽ ባለፍሁ ቁጥር በዚያ ረጅም ማዕድ ላይ ጠጁ ከምን ምግብ ጋር ይቀርብ እንደ ነበር አስባለሁ።

የማዕዳችን ታማኝ እንግዳ ጎረቤታችን የሆኑት ሙስሊም እናት ናቸው። ለእርሳቸው ብርዙ በዚያው ቀን፣ ያለ ጌሾ ተበጥብጦ ሳይብላላ ይቀርባል፤ የሚቀርብበትም ብርሌ ወይንም ጠጅም ነክቶት የማያውቅ፣ ለብቻው በመደርደሪያው ላይኛው እርከን የተቀመጠ ነው። በወሎ አብሮ መብላት ማለት አንዱ የሌላውን ወሰን አውቆ ማዕዱን መዘርጋት ነው፤ እኛም ይህን የተማርነው ከእናቶቻችን ነው። እርሳቸው ብርዙን ሲጎነጩ «ማሻ አላህ፣ ይኸስ የቆላ ማር አለበት» ብለው ማሩን ይለዩታል፤ ሁለት ጊዜ ተሳስተው አላየኋቸውም። የእርሳቸው አስተያየት በደብተራችን ላይ በአረንጓዴ ቀለም ይጻፋል።

ባለፈው ሳምንት ለመጪው ጥር ያስቀመጥነውን ጠርሙስ ከሰሜን ክፍል አውጥተን አየነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተገዛ ሲራ ነው፤ አቧራውን ጠርገን መልሰን አጋደምነው። በቃናው ሠርግ የግብዣው አዛዥ ሰው ሁሉ መልካሙን ወይን አስቀድሞ፣ ተራውን በኋላ እንደሚያቀርብ፣ በዚያ ቤት ግን መልካሙ እስከ መጨረሻው እንደ ተጠበቀ ተናግሮ ነበር፤ እኛም በዚያው ቅደም ተከተል ቀለል ያለውን ነጭ ከሐይቅ ዓሣ ጋር፣ ሲራውን ከጎድን ጥብስ ጋር፣ በመጨረሻም የላስታውን ጠጅ ከአይብ ጋር ለማቅረብ ተስማምተናል። አባቴ ይመጣሉ፤ የባለቤቴ እናት ይመጣሉ፤ ጎረቤታችንም አሉ። ባለቤቴ በደብተሩ አዲስ ገጽ አናት ላይ «ጥር 12» ብሎ ጽፎ፣ «አየን፣ አሸተትን፣ ቀመስን» የሚሉትን ሦስት ዓምዶች አስምሯል። ዓምዶቹ ገና ባዶ ናቸው፤ በኅዳጉ ላይ ግን በእርሳስ «ዕጣን ከቅምሻው በኋላ» የሚል ተጽፎበታል።